የባላምባራስ ጓንጉል ሦስት ምድጃዎች

በድሮ ዘመን፣ ሆድ ከራስ በላይ በሚከበርበት አገር፣ ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ሀብታም ነበር። ሆዳም ነበር። ከሁሉም በላይ ግን አውቃለሁ ባይ ነበር። አገሩ ሁሉ በፊቱ አንቱ ይለዋል። እኔ ግን አልለውም። እሱ ሞቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ማንም አይቆጣኝም።

ጠጋ በሉ ልጆች። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ አፍንጫህን ተውና ስማኝ።

በዚያው አገር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ብርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። እርሻ የላትም። በሬ የላትም። ያላት ከእናቷ የወረሰችው አንድ የጭቃ ጉድጓድ ብቻ ነው። ከዚያ ጉድጓድ አፈር ታወጣለች፣ ታቦካለች፣ ትሠራለች፤ ሸጣ ልጆቿን ታበላለች። ያ ጉድጓድ ከሌለ ብርቄ የለችም።

አገሩ ወጡን የሚሠራው በብርቄ ድስት ነው። ውሃውን የሚቀዳው በብርቄ እንስራ ነው። ዳቦውን የሚጋግረው በብርቄ ምጣድ ነው። ብርቄን ግን «ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል» ይላታል። ከቤቱ አያስገባትም። ከገበታው አያቀርባትም። ድስቷን ግን ጣቱ እስኪላጥ ይጠርገዋል! ይገርማችኋል? እኔን አይገርመኝም። ሰውን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ በባላምባራስ ቤት የሚበላው አፍ ዘጠኝ ነው። እሱ፣ ሚስቱ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ስድስት ልጆች፣ አንዲት አሮጊት እናት። ሥጋ የሚጠበሰው በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በማገዶ ነው። ነበልባሉ ሲንቀለቀል የሥጋው ውጪው ከሰል ይሆናል፣ ውስጡ ደም ይሆናል። ባላምባራስ ያኝክና ይተፋል፣ ያኝክና ይሳደባል፣ ያኝክና ሚስቱን «ባለሙያ መስለሽኝ ነበር» ይላል። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ እሳት አንድዶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ ሰርግ ሄደ። እዚያ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? የሸክላ ምድጃ አየ። ሆዱ ሰፊ፣ ከታች የነፋስ አፍ ያለው፣ ከላይ ድፍን ክዳን የሚገጥምለት። ጥቂት የከሰል ፍም ያስገቡበታል፣ የበግ ወርች ይሰቅሉበታል፣ ክዳኑን ይደፉበታል። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ አይለቅም። ሲከፈት ሥጋው በጣት ይቆረሳል። ባላምባራስ አንድ ወርች ለብቻው ጨረሰ። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰና ምድጃውን ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ያወራ ጀመር። ድንቄም ፈልሳፊ!

በማግስቱ ብርቄን አስጠራ። መጣች።

«ከአጥሩ ውጪ ቁሚ!» አላት። ቆመች። የምድጃውን መልክ ነገራት። «እንዲህ ያለ ምድጃ ሥሪልኝ። በአገሩ ካለው ሁሉ የሚበልጥ ይሁን።»

«እሺ ጌታዬ» አለች ብርቄ። «ግን አዲስ ሸክላ እንደ ጨቅላ ልጅ ነው፤ ሳይሟሽ ለሥራ አይሆንም። ጎመን ዘር ወቅጠው ሆዱን ይሹት። በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ፍም ያስገቡበት። በሁለተኛው ቀን ሁለት እፍኝ። በሦስተኛው ቀን ሦስት እፍኝ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክዎን ይጠብሱበታል። ከፈቀዱልኝ ደግሞ እኔው ገብቼ አሟሽልዎታለሁ።»

ባላምባራስ ሳቀ። ሆዱም አብሮት ሳቀ።

«አንቺ ለእኔ? እሳት ልታስተምሪኝ? ሠርተሽ እደጃፉ አስቀምጪና ሂጂ። እጅሽ ምድጃዬን እንዳይነካው!»

ሰማችሁ ልጆች? እጇ እንዳይነካው! ጭቃውን ታዲያ በምን ልታቦካው ነው፣ በቅንድቧ?

ብርቄ ሠራች፣ አደረቀች፣ ተኮሰች፣ እደጃፉ አስቀምጣ ሄደች። በዚያው ዕለት የባላምባራስ አማቾች ሊጠይቁት መጡ። «ዛሬ ጉድ ታያላችሁ» አላቸው።

ወይዘሮ አትጠገብ ቀስ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ሴትዮዋ ሦስት ቀን ይሟሽ ብላ አልነበር? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለችው።

«ዝም በይ!» አላት። አንድ ጆንያ ከሰል አስመጣ። ምድጃውን እስከ አንገቱ ሞላው። አራገበ፣ አራገበ፣ አራገበ። ሸክላው ቀላ። ወርቹን ሰቀለ፣ ክዳኑን ደፋ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

ምድጃው ምን አለ?

ጧ! አለ። ሆዱ ለሁለት ተከፈለ። ወርቹ አመድ ውስጥ ወደቀ። አማቾቹ ዳቦ በበርበሬ በልተው፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ባላምባራስ «ቸኮልኩ» አለ? አላለም። «በላችው! ቡዳዋ ምድጃዬን በዓይኗ በላችው!» አለ። ብርቄ ያን ሰዓት የት ነበረች? ጉድጓዷ ውስጥ፣ እስከ ወገቧ፣ አፈር ስትቆፍር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይህ ነው።

ሁለተኛ ምድጃ አዘዘ። ብርቄ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ያንኑ ነገር ነገረችው። አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። እሱ ግን የተሻለ ብልሃት አግኝቷል። ክታብ አስጻፈ። ክታቡን በቀይ ክር አሰረና የምድጃው አንገት ላይ አንጠለጠለው። «እስቲ አሁን ትብላው!» አለ።

ቀኑ ፋሲካ ነበር። ልጆቹ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሥጋ ሕልም ሲያልሙ አድረዋል። ስድስቱም ምድጃውን ከበው፣ እጃቸውን ታጥበው ቁጭ አሉ። አሮጊቷ እናትም በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ባላምባራስ እንደ ልማዱ ምድጃውን እስከ አንገቱ ሞላው። አራገበ፣ አራገበ፣ አራገበ። መጀመሪያ ክታቡ ነደደ።

ምድጃውስ ምን አለ?

ጧ! አለ። ይኸኛው ሦስት ቦታ ነው የተሰነጠቀው። በጉ ከሰልና አመድ ለብሶ መሬት ላይ ተንከባለለ። በዚያ ቤት በፋሲካ ቀን የጾሙ ሽሮ ተበላ! ትንሿ ልጅ አለቀሰች። ወይዘሮ አትጠገብ ሽሮውን አማሰለች፤ ትንሿንም በእጇ አጎረሰቻት።

ባላምባራስ አፈረ። ያፈረ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ወይ ጥፋቱን ያምናል፣ ወይ ሰው ይከስሳል። የእሱን እናንተው ገምቱት።

በማግስቱ ሽማግሌ አስቀመጠ። «ይህች ቡዳ ሁለት ምድጃ በላችብኝ። ነገ ልጆቼን ትበላለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከጉድጓዷም ከወንዙ ዳርም ትነቀልልኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው አያ ጣሰው የሚባሉ፣ አንደበታቸው ስለት ያለው ሰው ናቸው። ሁለተኛው ያንቀላፋሉ። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ከተናገረው ሰው ጋር ይስማማሉ። እንዲህ ያለ ዳኛ ዛሬም አይጠፋም።

ብርቄ ራቅ ብላ እንድትቆም ተደረገ። ጉድጓዱ ከተወሰደባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ለልመና መውጣቷ ነው። ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ግን ዋጠችው።

«አባቶቼ» አለች፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ። ቡዳ የሚበላው በምንድን ነው?»

«በዓይኑ ነዋ!» አሉ አያ ጣሰው።

«ካላየስ?»

«ካላየማ በምን ይበላል?»

«ያየውን አድንቆ ቱፍ ቱፍ ካላለስ?»

«ያን ጊዜማ ጨረሰው!» አሉ ያንቀላፉት ሽማግሌ፣ ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው።

«እንግዲያው ፈትኑኝ» አለች ብርቄ። «ከአንድ አፈር፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ምድጃ እሠራለሁ። ጌታዬ የወደዱትን ይምረጡ፣ በወደዱት መንገድ ይጥበሱበት። ያን ጊዜ እኔ ዓይኔን ታስሬ፣ ከወንዙ ማዶ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ሁለተኛውን ምድጃ አንዲት ሴት ትውሰድና እንደነገርኳት ታሟሸው። በእሱ ሲጠበስ ደግሞ ከፊቱ ቆሜ፣ ዓይኔን አፍጥጬ አየዋለሁ። አደንቀዋለሁ። ቱፍ አልልም። ያላየሁት ድኖ ያየሁት ከተሰበረ ልጆቼን ይዤ በዚያው ቀን አገር ለቅቄ እሄዳለሁ።»

«ያየሽው ድኖ ያላየሽው ከተሰበረስ?» አሉ አያ ጣሰው።

«ጌታዬ በሰበሩት ምድጃ ልክ አፈር ቆፍረው፣ በራሳቸው እግር ጭቃ ይርገጡልኝ።»

ባላምባራስ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ይሁን! ይሁን!» አለ። ሦስተኛው ሽማግሌም «ይሁን» አሉ፤ መጨረሻ የተናገረው ባላምባራስ ነበርና።

«ሁለተኛውን ምድጃ ማን ይወስዳል?» ተብሎ ተጠየቀ። ሴቱ ሁሉ አቀረቀረ። ማን የቡዳ ምድጃ ያሟሻል?

«እኔ እወስዳለሁ» አለች አንዲት ሴት። ዞር ቢሉ ወይዘሮ አትጠገብ ናት።

«አንቺ?» አለ ባላምባራስ።

«አዎን፣ እኔ። በፋሲካ ቀን ለስድስት ልጆች ሽሮ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ልጄ እያለቀሰች ያጎረስኳትም እኔ ነኝ። እርስዎ ምድጃ ሰበሩ፤ የልጅ ፊት ያየሁት ግን እኔ ነኝ» አለችው።

ምድጃዎቹ ደረሱ። ባላምባራስ ሁለቱንም በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ አንዱን መረጠ። ምን እንደሰማበት እግዜር ይወቅለት።

ወይዘሮ አትጠገብ ጎመን ዘር ወቅጣ የምድጃዋን ሆድ አሸች። በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ፍም። በሁለተኛው ሁለት እፍኝ። በሦስተኛው ሦስት እፍኝ። ባላምባራስ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር «ጭቃ ታስታምማለች!» እያለ ይስቃል። የእሱ ምድጃ ጎተራ ሥር ቁጭ ብሏል። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ፍም አልነካችውም።

በአራተኛው ቀን አገሩ ተሰበሰበ። የብርቄን ዓይን በመቀነት ሰባት ዙር አሰሩት። ከወንዙ ማዶ ወስደው፣ ጀርባዋን አዙረው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ሦስተኛው ሽማግሌ እንዳትዞር ሊጠብቁ አጠገቧ ተቀመጡ።

ባላምባራስ ካባውን አውልቆ መጣ። ምድጃውን እስከ አንገቱ ሞላው። አራገበ፣ አራገበ፣ አራገበ። ላቡ ጢሙን አልፎ ጠብ ጠብ አለ። ወርቹን ሰቀለ፣ ክዳኑን ደፋ፣ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

ምድጃው ምን አለ?

ጧ! በሉ ሁላችሁም። ጧ!

ስብርባሪው ተበተነ። ሰው ሁሉ ምድጃውን ትቶ ወደ ወንዙ ማዶ ዞረ። ብርቄ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዓይኗን እንደታሰረች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«በ... በሐሳቧ አይታው ነው!» አለ ባላምባራስ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ባላምባራስ» አሉ አያ ጣሰው፣ «ሰው በሐሳቡ የሚበላ ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር በግ የሚባል ነገር በእርስዎ አልቆ ነበር።»

ብርቄን ፈተው አመጧት። ከወይዘሮ አትጠገብ ምድጃ ፊት አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። ወይዘሮ አትጠገብ ሦስት እፍኝ ፍም አስገባች። አመድ እስኪለብስ ጠበቀች። በቅቤና በጨው የታሸውን፣ የጥብስ ቅጠል የተነሰነሰበትን ወርች ሰቀለች። ክዳኑን ገጠመች። የነፋሱን አፍ በሸክላ ገል ጠበብ አደረገችው። አላራገበችም።

ብርቄ ዓይኗን አፈጠጠች። «እንዴት ያለ ድንቅ ምድጃ ነው!» አለች።

ሰዉ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። «ቱፍ በይ! ቱፍ በይ እንጂ!» አለች አንዲት ሴት።

«አልልም! እንዴት ያለ የሚያምር ሆድ አለው! አቤት ክዳኑ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም!» አለች ብርቄ። ሦስት ጊዜ አደነቀች። ሦስት ጊዜም ቱፍ ሳትል ቀረች።

ምድጃውስ ምን አለ?

ምንም አላለም። ሸክላ ነዋ! በወጉ የያዙት ሸክላ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል። በነፋሱ አፍ ብቻ ቀጭን ጢስ ወጣ፤ ከጢሱ ጋር ሽታው መጣ። ያ ሽታ ከመጣ በኋላ የቡዳን ነገር የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ወይዘሮ አትጠገብ ክዳኑን ከፍ አድርጋ ከዳር ትንሽ ቆረጠችና ለአያ ጣሰው አቀመሰቻቸው። ሥጋው ጣታቸው ላይ ተቆረሰ። ቀሪው ጥቂት ይቀረው ነበርና ክዳኑን መለሰችው።

«ተፈርዷል!» አሉ አያ ጣሰው እየዋጡ። «ጉድጓዱ የብርቄ ነው። ባላምባራስም ሦስት ምድጃ ሰብረዋልና የሦስት ምድጃ ጭቃ ይረግጣሉ። አሁን ገበታ ይቅረብ!» ከዚያ ወደ ብርቄ በአገጫቸው ጠቁመው፣ «ለእሷም ቁራሽ በቅጠል አድርጋችሁ ስጧት፤ እዚያ ዛፍ ሥር ትብላ» አሉ።

አያችሁልኝ? ቡዳ አይደለችም ብለው በፈረዱበት አፍ፣ ገና ሥጋው ከጥርሳቸው ሳይወጣ!

ብርቄ ቅጠሉን አልተቀበለችም። ወደ ምድጃው ሄደች። የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ የጋለውን ክዳን አነሳችው፣ ይዛውም መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው? ሥጋው ገና ነው እኮ!» አሉ አያ ጣሰው።

«ወደ ቤቴ» አለች። «አባቶቼ፣ የእኔ እጅ የሠራውን ትበላላችሁ፤ እጄን ግን ትጸየፋላችሁ። ይህን ሥጋ ዓይኔን አፍጥጬ አይቼዋለሁ። እሱን መብላት ካልጎዳችሁ፣ አጠገባችሁ ብቀመጥ ምን እንዳላደርጋችሁ ነው? ወይ ከገበታው ቦታ ስጡኝ፣ ወይ ወርቹን በጥሬው ብሉት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ክዳን የሌለውን ምድጃ አዩ። ክብራቸውን በአንድ እጅ፣ ሆዳቸውን በሌላው መዘኑ። ገና እየመዘኑ ሳሉ ወይዘሮ አትጠገብ ተነሳች። ክዳኑን ከብርቄ እጅ ተቀብላ ምድጃው ላይ መለሰችው። ውሃ አምጥታ ብርቄን እጇን አስታጠበቻት። በራሷ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። የራሷን ልጆች ጠርታ በብርቄ ግራና ቀኝ አስቀመጠች። የብርቄንም ልጆች አስጠራች። ሥጋው ሲደርስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለብርቄ በእጇ አጎረሰቻት።

ብርቄ አኘከች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዋጠች በኋላ፣ «እመቤቴ፣ ትንሽ ጨው ያንሰዋል» አለች።

ወይዘሮ አትጠገብ ከት ብላ ሳቀች። ልጆቹም ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ ሥጋው ሳያልቅባቸው ቦታ ለመያዝ እየተጋፉ ነበር። እስከ ትናንት አንድ ገደል ያህል ሲርቋት የኖሩት ሰዎች፣ ያን ቀን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋት በሉ።

ባላምባራስስ? በማግስቱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጉድጓድ ገባ። ቆፈረ፣ ተሸከመ፣ ረገጠ። ብርቄ ከላይ ቆማ፣ «ቀስ ብለው ጌታዬ፤ ጠጠሩን ይልቀሙ» ትለዋለች። ተምሮ ይሆን ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ቀና ይልና ምን ይል ነበር መሰላችሁ? «ለዚህች ሴት የጭቃ አረጋገጥ እያስተማርኳት ነው!»

አንዳንድ ሰው እንደዚህ ነው ልጆች፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እንኳ ከላይ ያለ ይመስለዋል። እናንተ ግን ይህን ያዙ፤ የምትንቁት እጅ የሠራውን አትብሉ። ከበላችሁ ደግሞ ጠጋ በሉና ቦታ ልቀቁለት።

ተረቴ አለቀ። የሰማ ይንገር፤ ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነ ጭቃ ይርገጥ።